ሦስት አናጺዎችና አንዲት ትንሽ ዩኩሌሌ

ዩኩሌሌን፣ ያችን ትንሽ ባለ አራት ክር የሃዋይ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ለዓለም የሰጡት አናጺዎች ናቸው። ቁም ሣጥንና ወንበር ሲሠሩ ኖረው፣ ኑሮ ሲከፋባቸው ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ጉልበታቸውን የተዋዋሉ ሦስት ሰዎች። እኔም አናጺ ነኝ። መላጊያ መያዝ የተማርኩት ደሴ ከአባቴ ነው፤ ዛሬም ሲያትል ከተማ እንጀራዬን የማበስለው በዚሁ ሙያ ነው። ካማካ የሚባለው የሃዋይ ፋብሪካ የሠራትን ዩኩሌሌ ሻጩ ከግድግዳ ላይ አውርዶ ሲሰጠኝ ገና ክሯን ሳልነካ ወደድኳት። ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ገልብጬ ጀርባዋን አየሁ፤ አባቴ የሌላ ሰው ሥራ ሲመዝን ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ የሚዞረውን ገጽ ነበር ቀድሞ የሚዳስሰው። ከአንድ ሳንቃ ለሁለት ተሰንጥቀው ጎን ለጎን የተጋጠሙ ሁለት ስስ ልባሶች ናቸው፤ መጋጠሚያው በጥፍር ቢፈለግ አይገኝም። ውፍረታቸው 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንጨትን እዚያ ድረስ አሳስቶ ሳይሰነጠቅ ማቆየት ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

ቤት ይዣት ስገባ ባለቤቴ ዋጋዋን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ሳይፈታ አራቱንም ክሮች አንዴ በአውራ ጣቴ ወረድኩባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ዋጋው አልተነሳም። የአሥር ዓመት ልጄ ደግሞ ማታውኑ ይዛት ተኛች። እኔም የማን እጅ እንደዚህ ያለ ነገር እንደጀመረ ለማወቅ ማንበብ ያዝኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚነሳው ከማዴይራ ነው። ማዴይራ ከሞሮኮ በስተምዕራብ አትላንቲክ ላይ ያለች የፖርቱጋል ደሴት ናት፤ ስሟም ኑሮዋም ወይን ጠጅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወይኗን ሻጋታ መታው፤ በ1870ዎቹ ደግሞ ሥሩን የሚበላ ተባይ ተከተለ። ወይኑ ሲጠፋ ገበሬው ብቻ አይጎዳም፤ ለልጁ መዳሪያ ሣጥን የሚያሠራ ሰውም ይጠፋል፤ አናጺው ሥራ ይፈታል። በዚያው ዘመን ከምድር ወዲያኛው ጫፍ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል፣ የሃዋይ መንግሥት በ1875 ከአሜሪካ ጋር በተዋዋለው መሠረት ስኳሩን ያለ ቀረጥ ሊሸጥ በቅቶ ነበር። የሸንኮራ እርሻው ከዓመት ዓመት ሰፋ። በቂ የሚሠራ ሰው ግን አልነበረም፤ በመርከበኞች የመጣ በሽታ የአገሬውን ሕዝብ ፈጅቶታል። ስለዚህ የእርሻ ጌቶች ሠራተኛ ፍለጋ ማዴይራ ድረስ ላኩ።

ሬቨንስክራግ የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ ከማዴይራ ዋና ከተማ ከፉንሻል ተነስታ፣ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞራ፣ አራት ወር በባሕር ላይ ቆይታ ነሐሴ 23 ቀን 1879 ሆኖሉሉ ደረሰች። በአገራችን አፄ ዮሐንስ 4ኛ የነገሡበት ዘመን ነው። ከ400 በላይ የማዴይራ ሰዎች ጭናለች፤ ከእነሱም መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዡዜ ዶ እስፒሪቱ ሳንቱ የሚባሉ ሦስት የቤት ዕቃ ሠሪዎች ነበሩ። ዡዋዎ ፈርናንደስ የሚባል ጎበዝ ተጫዋችም አብሯቸው ነበር። እንደሚተረከው፣ ፈርናንደስ መልሕቅ እንደተጣለ ከአንድ ጓደኛው አንዲት ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ተውሶ፣ በሰላም ስለደረሱ ለምስጋና ወደቡ ላይ ይጫወትና ይዘፍን ጀመር፤ የሆኖሉሉ ሰዎችም ከበቡት። ይህ ትረካ እያማረ የመጣ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የከተማው ጋዜጣ፣ ከማዴይራ የመጡት ሰዎች በየምሽቱ መንገድ ላይ እየተጫወቱ ሕዝቡን እንደሚያስደስቱ ጽፏል። ገና ቋንቋውን አልለመዱም፤ ገና የሚቆርጡትን አገዳ አላዩም። መሣሪያቸው ግን ከእነሱ ቀድሞ አገር ለምዷል።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ አሜሪካ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እየቆረጥኩ፣ እጄ ሙያውን እንዳይረሳ ከጣውላ ቁራጭ ማንኪያ እቀርጽ ነበር። ስለዚህ ውል ይዞት አገዳ መሀል የቆመ አናጺ ስለ መላጊያው ምን እንደሚያስብ ለእኔ መጽሐፍ ሊነግረኝ አይገባም። ሦስቱ ሰዎች ከእርሻው ወጥተው በ1880ዎቹ አጋማሽ ሆኖሉሉ ውስጥ የየራሳቸውን ሱቅ ከፍተው እናገኛቸዋለን፤ የቤት ዕቃም የሙዚቃ መሣሪያም ይሠራሉ። ከዕቃ ይልቅ መሣሪያው እየተፈለገ መጣ። ይህንን ነው እኔ ደጋግሜ ማለት የምፈልገው፤ ዩኩሌሌ ነጋዴ አስቦበት ለገበያ ያወጣው ነገር አይደለም። ሕዝቡ መንገድ ዳር ሰምቶ ወደደ፤ ወድዶ የሚሠራለት ሰው ፈለገ፤ ሲፈልግ ሦስት አናጺዎች ከአገዳው መሀል ተገኙ። ፍቅሩ ቀደመ፣ ሙያው ተከተለ።

ምኑ ነው እንደዚህ ቶሎ የሚወደደው? እንደ ባለሙያ ልመልስ። የማዴይራ ሰዎች ይዘዋቸው ከመጡት መሣሪያዎች መካከል ሁለቱ እዚህ ላይ ቁም ነገር አላቸው። አንዷ ማሼቴ የምትባለው ትንሿ ባለ አራት ክር ናት፤ ሌላው ራዣው የሚባለው ከፍ ያለ ባለ አምስት ክር ነው። ዩኩሌሌ ቁመናውን ከመጀመሪያዋ ወሰደ፣ ቅኝቱን ከሁለተኛው፤ ከአምስቱ ክር አንዱ ተቀነሰና ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ሆኖ ቀረ። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ክር ወፍራም ድምፅ የለውም፤ ሶሉ ከፍ ያለው ሶል ነው። አራቱ ድምፆች እንዲህ ተቀራርበው ስለሚኖሩ መሣሪያው ሲመታ የሚጎመዝዝ ነገር የለውም፤ ምንም ሳይጫኑ አንዴ ቢወርዱበት ራሱ ተስማምቶ ይደውላል። አንድ ጣት ብቻ፣ የመጨረሻው ክር ሦስተኛ ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍለው የብረት መስመር) ላይ፣ ቢያሳርፉ ሙሉ የዶ ኮርድ ሆነ። ጊታር ይህንን አያደርግም፤ ጀማሪው ጣቱ እስኪጠነክር ሳምንታት ያስለቅሰዋል። ማሲንቆማ አይነሳ፤ አንድ ክር ብቻ ይዞ ዕድሜ ይጠይቃል። ዩኩሌሌ የሰውን ልብ የሚወስደው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ያንን ደቂቃ በጣውላው ውስጥ አስገብተውታል።

ጣውላው ራሱ የሃዋይ ነው። ኑኔስና ጓደኞቹ ያገራቸውን እንጨት አጥተው በየተራራው የሚበቅለውን ኮአ ያዙ፤ ይህ ከሁሉም የላቀው ብልኃታቸው ይመስለኛል። ኮአ ከሃዋይ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅልም። የአገሬው ሰዎች ትላልቅ የባሕር ታንኳዎቻቸውን ከግንዱ ይጠርቡ ነበር፤ የሃዋይ ንጉሥ በ1882 ያስጨረሱት የኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ትልቁ ደረጃም የተሠራው ከእሱ ነው። ቀለሙ ከማር እስከ ጥቁር ቀይ ይሄዳል፤ ዘንጉ ጠመዝማዛ ከሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ገጹ የሚነቃነቅ ይመስላል። ዝርያውን ስፈልግ ግን ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ፤ ኮአ ግራር ነው። የእኛ ቆላ የሞላው ግራር የሩቅ ዘመድ። እሾህ የለውም፣ ቁመቱም ከእኛው እጅግ ይበልጣል፣ ግን አበባውን በሥዕል ስታዩት ትለዩታላችሁ። ሌላም አለ፤ ሃዋዮች ገበቴና ሳህን የሚፈለፍሉበት ኮው የሚባል ዛፍ የእኛ የዋንዛ ወገን ነው። ዋንዛን የማያውቅ አናጺ የለም። ከበሮ ከእሱ ነው፣ የክራር ገበቴም እንዲሁ።

ንጉሡን አንስቻለሁና ልቀጥል። ዴቪድ ካላካዋ ሙዚቃ የሚያውቁ፣ ግጥም የሚገጥሙ፣ ከእህታቸው ከሊሊዮካላኒ ጋር ዜማ የሚወዳደሩ ሰው ነበሩ። ሚስዮናውያን በኃጢአትነት ያስከለከሉትን የሁላ ውዝዋዜ ወደ አደባባይ የመለሱት እሳቸው ናቸው። በኅዳር 1886፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዓመት፣ ሃምሳኛ ልደታቸውን ሲያከብሩ የሁላ ተጫዋቾች ለቀናት ጨፈሩ፤ ዩኩሌሌም ከጥንቱ የቅል ከበሮ ጎን ቆሞ አጀባቸው። ከስደተኛ አናጺ ሱቅ የወጣ ዕቃ በሰባት ዓመት ውስጥ በቤተ መንግሥት ለአገሩ ጥንታዊ ባህል ተሰለፈ። እኔ ታላቅነቱን የማየው በሁለቱም ወገን ነው። አናጺዎቹ ባይሠሩት አይኖርም፤ ሃዋዮች የራሳችን ነው ብለው ባይቀበሉትም ኖሮ ኖሮ የማዴይራ ስደተኞች ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ካላካዋ በ1891 አረፉ። እህታቸው ነገሡ፤ ሆኖም በ1893 የስኳር ባለሀብቶች ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ሆነው ከዙፋን አወረዷቸው፤ በ1895 በዚያው በኢዮላኒ ቤተ መንግሥት አሠሯቸው። በ1898 አገሪቱ ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች። ሁላውን ያጀበችው መሣሪያ ግን አልተወረሰችም፤ በየቤቱ በረንዳ ቀጠለች።

ከዚያ በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የፓናማ ቦይ መከፈትን ለማክበር ዓለም አቀፍ ትርዒት ተደረገ። የሃዋይ አዳራሽ ውስጥ አንድ የአራት ሰዎች ቡድን በየቀኑ ዩኩሌሌ ይጫወት ነበር። ትርዒቱን የጎበኘው ሕዝብ ከ18 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከሆኖሉሉ ወደብ በኋላ ይኸው ነገር በአሜሪካ ምድር ተደገመ፤ ሰሙ፣ ወደዱ፣ ፈለጉ። ሆኖሉሉ ያሉት ሠሪዎች ትእዛዙን መቻል አቃታቸው። የሃዋዩ ሠሪ ጆና ኩማላኤ በዚያ ትርዒት የወርቅ ሽልማት አገኘ። ሃዋይን በዓይናቸው ያላዩ የአሜሪካ ፋብሪካዎችም ዩኩሌሌ እያወጡ የሃዋይ ሥራ ነው ብለው መሸጥ ያዙ፤ ደሴቶቹ ላይ ያሉት ሠሪዎችም አምርረው ተቃወሙ።

ፔንሲልቬንያ ያለው ዝነኛው የጊታር ሠሪ ማርቲን የሠራው ነገር ለአናጺ ትልቅ ትምህርት ነው። በ1907 ጥቂት ዩኩሌሌዎችን ለሙከራ አውጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን እንደ ጊታር ስፕሩስ ከሚባለው እንጨት አደረገው፣ ከውስጥም እንደ ጊታር በብዙ ደጋፊ አጠነከረው። ድምፃቸው ታፈነ፤ የሚገዛም ጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደጋፊውን ቀንሶ፣ እንጨቱን አሳስቶ፣ ከማሆጋኒ ሲሠራው ድምፁ ወጣ፤ በ1920ዎቹም ቤቱን ካቆሙለት ዕቃዎች አንዱ ሆነ። ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚታገለው እንዳይነቃነቅ ነው። እነዚያ ሦስት የማዴይራ ሰዎች ግን ሳጥን የሚሠራው እጃቸው መቼ ማጠንከር መቼ መልቀቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ከሦስቱ ረጅም ዕድሜ የኖረው ኑኔስ ነው፤ እስከ 1922 ቆየ። ሙያውን ካስተማራቸው አንዱ ሳሙኤል ካማካ የሚባል ወጣት የሃዋይ ተወላጅ ነበር። ካማካ በ1916 ሆኖሉሉ ውስጥ የራሱን ሥራ ጀመረ። በ1920ዎቹ ደግሞ ወገብ የሌለው፣ እንደ አናናስ ክብ ያለ ዩኩሌሌ ፈጠረ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1928 አገኘ። እንጨት በሙቀት ያጎበጠ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል፤ ስስ ጎን የሚሰነጠቀው ወገቡ ላይ ነው፣ ወገቡን ስታስቀር ጎኑ በአንድ ገር ቀስት ይታጠፋል፣ ውስጡም ሰፍቶ ድምፁ ይወፍራል። ልጆቹ ሥራውን ወርሰው ቀጠሉ፤ ዛሬ የልጅ ልጆቹ በሆኖሉሉ ሳውዝ ጎዳና ላይ ባለው ፋብሪካ ይሠራሉ። ስለዚያ ፋብሪካ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው አንድ ነገር ነው፤ ለብዙ ዓመታት መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ቀጥረው አሠርተዋል። እነሱም ስስ የሆነውን ልባስ እየቆረቆሩ ንዝረቱን በጣታቸው ጫፍ ይለኩ፣ የት ቦታ መላግ እንደሚቀረውም ያውቁ ነበር። ጆሮ የሚሰማውን ነገር እጅ ቀድሞ እንደሚያውቀው አባቴ ሲነግረኝ ኖሯል፤ እኔ ግን የተቀበልኩት እሱን ለማክበር እንጂ አምኜበት አልነበረም። አሁን በእጄ ያለችውን ይዤ ጀርባዋን በጥፍሬ ስቆረቁር አምናለሁ።

መሣሪያው ቀላል መሆኑ ንቀትም አመጣበት። በኒው ዮርክ ሜይ ሲንጊ ብሪን የምትባል ሙዚቀኛ ነበረች፤ በ1920ዎቹ በየቤቱ የሚገዛው የዘፈን ወረቀት ላይ የዩኩሌሌ ኮርድ እንዲታተም ካደረጉት ዋነኛዋ ናት። የከተማዋ ሙዚቀኞች ማኅበር ግን ዩኩሌሌ የሙዚቃ መሣሪያ አይደለም ብሎ ተጫዋቾቹን አልቀበልም ሲል ፊት ለፊት ተከራከረችው። እኔ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ። ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ጣሊያናዊው የጊታር ሠሪ ማሪዮ ማካፌሪ ከፕላስቲክ አፈሰሰው። ማካፌሪ ፓሪስ ውስጥ እጅግ የተከበሩ ጊታሮችን የነደፈ፣ ኋላም የፕላስቲክ የልብስ መቆንጠጫ የሠራ ሰው ነው። አርተር ጎድፍሬይ የሚባል ታዋቂ አቅራቢ በቴሌቪዥን ሲጫወትበትና ሲያስተምርበት በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጠ። እንጨት ሠራተኛ ሆኜ ፕላስቲክን ማመስገን ያስቸግረኛል፤ ሆኖም የማካፌሪ ሥራ የተጣራ ድምፅ ነበረው፣ ድሃ ልጅም ሊገዛው ቻለ። ስለዚህ አመሰግነዋለሁ። በካናዳ ሃሊፋክስ ከተማም ቻልመርስ ዶን የሚባል መምህር ከ1960ዎቹ ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆችን ሙዚቃ በዩኩሌሌ አስተማረ። ያ ዘመን ጊታር ሁሉንም የዋጠበት ነበርና፣ በብዙ ቦታ ሲረሳ የልጆች እጅ ላይ ቆየ።

እንደገና የቀሰቀሰው የሃዋዩ ልጅ እዝራኤል ካማካዊዎኦሌ ነው። አካሉ ግዙፍ፣ ድምፁ ግን እጅግ የለሰለሰ ነበር፤ ዩኩሌሌዋ ደረቱ ላይ ስታርፍ ለመታየት ትቸገራለች። በ1988 አንድ ሌሊት ስቱዲዮ ገብቶ፣ ያለ ሌላ አጃቢ፣ ሁለት የቆዩ የአሜሪካ ዘፈኖችን አያይዞ በአንድ ትንፋሽ ተጫወተ። ቅጂው በ1993 አልበሙ ላይ ወጣና ቀስ በቀስ ዓለምን አዳረሰ። በ1997 በ38 ዓመቱ ሲያርፍ አስከሬኑ በሃዋይ የመንግሥት ሕንፃ በክብር ተቀመጠ፤ ሣጥኑ የኮአ ነበር። የአናጺ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ያንን ሣጥን የሠሩት ሰዎች እያንዳንዱን ሳንቃ እንዴት እንደመረጡ አስባለሁ።

አሁን ወደ እኛው ነገር። እዚህ ሲያትል ክራር የሚጫወቱ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው፤ የወሎ ሰው ናቸው። ልደት ላይ ቤታችን መጥተው ልጄ ዩኩሌሌዋን ስትነካካ አዩ። "እስቲ ወዲህ በያት የኔ ልጅ" አሉና ተቀበሏት። መጀመሪያ ክሮቹን አንድ በአንድ አደመጡ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። "ማን ቃኘልህ ይህንን?" አሉኝ። እንዲሁ እንደተሸጠች ነው፣ የእሷው ቅኝት ነው አልኳቸው። "ትዝታ እኮ ነው! ሬዋ ብቻ ናት የጎደለችው።"

እውነታቸውን ነው። ዋናው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። የዩኩሌሌ ክሮች ሳይነኩ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ናቸው፤ ሬ ደግሞ የዶው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጋሼ በክራር ልማዳቸው ግራ እጃቸውን ከክሮቹ ኋላ ሊያስገቡ ፈለጉ፤ በክራር ጣት ክሩን እያፈነ ይለቃል፣ አንገት ላይ የሚጫኑት ነገር የለም። ይህችኛዋ አንገት አላት። ትንሽ ከታገሉ በኋላ አንድ ጣታቸውን ብቻ ሬዋ ላይ አደረጉ፣ ቀኝ እጃቸው የሚያውቀውን ሠራ። ሴቶቹ ከወጥ ቤት እጃቸውን ሳያደርቁ መጡ። ልጄ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች፤ በትምህርት ቤት የተማረችው መሣሪያ አያቶቿን እንደሚያውቅ እስከዚያ ማንም አልነገራትም። ጋሼ ያንን ምሽት ዩኩሌሌዋን አልመለሱም ማለት ይቻላል፤ ልጄ ስትለምናቸው "ቆይ አንቺ፣ ባቲን ልፈልግበት" እያሉ።

በማግስቱ ደሴ ለወንድሜ ደወልኩለት። የአባታችን ሱቅ አሁን በእሱ እጅ ነው፤ ጣሪያው ላይ አባቴ ራሱ ደርድሮ ያስቀመጣቸው የደረቁ የዋንዛ ሳንቃዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱን ላክልኝ አልኩት። "ለክራር ነው?" አለኝ። ዝርዝሩን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "2 ሚሊ ዋንዛ ይችላል ብለህ ነው?" አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። ዋንዛ ከኮአ ይለሳል፣ ይቀላል፤ በዚያ ስስነት ክሩ ሲወጠር ፊቱ ሊሰምጥ ይችላል። በ3 ሚሊሜትር ልጀምር ብዬ አስቤያለሁ፤ እየቆረቆርኩ፣ ድምፁ እስኪከፈት ድረስ ከዳር ከዳር እየላግኩ። ወገቡንም እተወዋለሁ፤ እንደ ካማካ አናናስ አደርገዋለሁ፣ ለመጀመሪያ ሥራ እሱ ይሻላል። ሳንቃው በሚመጣው ወር ከሚመጣ የሰፈራችን ሰው ጋር ይላካል።